ከቁጥር 13 በኋላ ቁጥር 14 አለ

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ሁለተኛ ሳሙኤል 12 ሲሰበክ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ሰባኪው ናታንን ያስገባል፤ የድሃውን ሰው አንዲት ጠቦት ይተርካል፤ ጣቱን ወደ ዳዊት ይቀስራል፤ ዳዊት መበደሉን ያምናል፤ ነቢዩም ኃጢአቱ እንደተወገደለትና እንደማይሞት ይነግረዋል። እዚህ ላይ ኪቦርዱ ይነሣል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ «ነፃ ወጥተሃል በለው ጎረቤትህን!» ይባላል። ይህ ቁጥር 13 ነው። ቁጥር 14 የሚጀምረው በ«ግን» ነው። እስከዚያ የሚደርስ ሰባኪ ግን እምብዛም አላየሁም፤ ሰዓቱ አልቋል፣ ኳየሩ ቆሟል፣ መባ መሰብሰብ አለበት።

የምጽፈው ስለዚያ «ግን» ነው። ወንጌልን ልነካካ አልመጣሁም። የክርስቶስ ደም ከኃጢአት ሁሉ ያነጻል፤ ከዝሙትም፣ ከስርቆትም፣ ከነፍስ ግድያም። ከዚህ ላይ ቅንጣት አልሸራርፍም። የምከራከረው ከሌላ ነገር ጋር ነው፦ እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ሰው ምን አገባው ከሚለው፣ ንስሐን እንደ ኬላ ማለፊያ ወረቀት ከሚቆጥረው፣ «አዲስ ፍጥረት ነኝ» ብሎ የአሮጌውን ሰው ዕዳ ለሌላ ሰው ትቶ ከሚሄደው ትምህርት ጋር ነው። ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ታትሞ አይሸጥም። በመዝሙር መካከል፣ በምስክርነት መጨረሻ፣ የሽማግሌዎች ቢሮ በር ሲዘጋ ነው የሚሰማው። ጢቾም አለ፣ አሰላም አለ፣ አዲስ አበባም በትልልቁ ስፒከር አለ።

ዳዊት ከቁጥር 13 በኋላ ምን ዓይነት ኑሮ ኖረ? እስቲ እስከ ምዕራፍ 20 ድረስ በአንድ ቁጭታ አንብቡት። መጀመሪያ ሕፃኑ ታመመ። ዳዊት ሰባት ቀን ጾመ፣ መሬት ላይ ተኛ፣ ለመነ። ሕፃኑ ሞተ። ያን ጊዜ ተነሥቶ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያም በላ። አገልጋዮቹ እስኪደነግጡ ድረስ። ይህን ቦታ ልብ በሉልኝ፤ ልመናው ያልተመለሰለት ሰው ነው የሚሰግደው። ምሕረቱን የተጠራጠረ ሰው እንዲህ አይሰግድም፤ ምሕረትን እንደ ጉቦ የቆጠረም እንዲህ አይሰግድም፤ ልጁ ሲሞት ያኮርፋልና።

በዚያ አላበቃም። ከቤቱ ሰይፍ እንደማይርቅ ተነግሮት ነበርና አምኖን እኅቱን ትዕማርን ደፈረ፤ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ፤ ከዚያም በአባቱ ላይ ተነሣ። ዳዊት ቤርሳቤህን ያየው በሰገነት ላይ ሲመላለስ ነበር። አቤሴሎም የአባቱን ቁባቶች በእስራኤል ሁሉ ፊት ያዋረደው የት ነው? በሰገነት ላይ። መጽሐፉ ይህን በአጋጣሚ የጻፈ አይመስለኝም።

ደግሞም ትዕማር ምን አደረገች? የአባቷ ኃጢአት ውጤት በእርሷ ላይ ሲወርድ ልብሷን ቀድዳ አመድ ነስንሳ በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች። ስለ እርሷ አንድም ዝማሬ የለንም። የኃጢአት ውጤት ሠሪውን ብቻ እየመረጠ ቢመታ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ነበር። «ይህ በእኔና በጌታ መካከል ያለ ጉዳይ ነው» የምትለው ወንድሜ፣ ዳዊትም በመዝሙር 51 አንተን ብቻ በደልኩ እንዳለ አውቃለሁ። ኃጢአት ሁሉ መጨረሻው በእግዚአብሔር ላይ መሆኑን ነው የተናዘዘው፤ ኦርዮ አይቆጠርም ማለቱ አልነበረም። ኦርዮ ተቀብሯል። ዳዊት ይቅር ሲባል ኦርዮ ከመቃብር አልተነሣም።

እኛ ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ስንዴ ማሳ ውስጥ ሲናር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ገበሬው ዘንድሮ ንጹሕ ዘር ገዝቶ ሊዘራ ይችላል። ዘሩ ንጹሕ ነው፣ ገበሬውም ከልቡ ነው። ነገር ግን አምናና ካቻምና የረገፈው ሲናር አፈሩ ውስጥ አለ፤ ዝናብ ሲመታ አብሮ ይበቅላል። ሲበቅል አይቶ «ንጹሕ ዘር የሚባል ነገር ውሸት ነው» የሚል ገበሬ ሞኝ ነው። «ንጹሕ ዘር ዘርቻለሁና አረም ማረም አይገባኝም» የሚለው ደግሞ ከእርሱ ይብሳል፤ ጎንበስ ብላችሁ አርማችሁ ታውቁ እንደሆነ ትርፉን ማን እንደሚያጣ ይገባችኋል።

አሁን ወደሚያስቆጣን ነገር ልምጣ። በአርሲ ነፍስ ሲጠፋ ጉማ አለ። ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን በአንድ ገበታ አይቀመጡም። ሽማግሌዎች፣ ጃርሶቹ፣ በመካከል ይመላለሳሉ። ገዳዩ አድራጎቱን ካላመነ ዕርቅ አይጀመርም። የተሸሸገ ደም ጉማ የለውም። ካመነ በኋላ ካሣው በከብት ወይም በገንዘብ ይቆረጣል፤ ገዳዩ ብቻውን አይችለውምና ዘመድ ወገን ያዋጣል። ከዚያ በኋላ ነው እርድ የሚታረደው፣ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት። መንግሥት ደግሞ የራሱ ፍርድ አለው፤ ዕርቅ ወረደ ብሎ ዓቃቤ ሕግ ፋይሉን አይቀድም።

አንድ የወንጌል ወጣት ስለዚህ ሲጠየቅ ምን ይላል? «ይህ የባህል ነው፤ እኛ በክርስቶስ ደም ታርቀናል።» መልሱ መንፈሳዊ ይመስላል። ጥሩ፣ በክርስቶስ ደም የታረቅኸው ከማን ጋር ነው? ከአብ ጋር። የሟች እናትስ? እርሷ ገበያ ላይ ስታይህ አሁንም መንገድ ትቀይራለች። አንተ መድረክ ላይ ስትዘምር እርሷ ቤቷ ጓዳ ውስጥ ናት። ጃርሶቹ ያልተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዕብራይስጥም ግሪክም አያውቁም፤ ነገር ግን በደለኛው ወጥቶ «እኔ ነኝ» ሳይል፣ የተጎዳውም ሳይካስ፣ ዕርቅ የለም የሚለውን ያውቃሉ። እኛ ይህን ብንረሳ ከእነርሱ የበለጠ መንፈሳውያን አንሆንም።

እዚህ ላይ ከሳሽ እንዳይነሣብኝ ልናገር። ጉማን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ሥርዓት አድርጌ አላቀርብም። ኦሪት ዘኍልቍ 35 ለነፍሰ ገዳይ ሕይወት ካሣ መቀበልን እንደሚከለክል አንብቤዋለሁ። በሥነ ሥርዓቱ ላይ አማኝ ሊቀበለው የማይችለው መሐላና ልማድ ካለም አይካፈልበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉማ የእግዚአብሔርን ይቅርታ አይገዛም፤ የአርሲ ከብት ሁሉ ተነድቶ ቢሰበሰብ አንዲት ኃጢአት አያስተሰርይም። ለእግዚአብሔር የከፈለው አንድ ብቻ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ የጎረቤትህ በሬ የጎረቤትህ ነው። ጌታ የአንተን ነፍስ በደሙ ገዛ እንጂ የሰረቅኸውን በሬ ለአንተ አልገዛልህም።

ደግሞ ሲንቄን አስቡ። ሙሽራዋ ከእናቷ የምትቀበላት ያቺ ቀጭን በትር። አራስ ሴት፣ ግንባሯ ላይ ቀነፋ ያሰረች ሴት፣ በባሏ ብትመታ የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ሥራቸውን ጥለው፣ እየዘመሩ ይወጣሉ። በዳዩ ቀርቦ ጥፋቱን አምኖ፣ አርዶ፣ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ከዚያ ይመርቁታል። ይመርቁታል ነው ያልኩት፤ ቂም ይዘው አይቀሩም። ነገር ግን ምርቃቱ ከመጠየቁ በፊት አይመጣም። አሁን የእኛን የቤተ ክርስቲያን ቢሮ አስቡ። ሚስቱን የደበደበ ዲያቆን «ተፀፅቻለሁ» ብሎ ሽማግሌዎች ፊት ካለቀሰ፣ ሚስቱ «ይቅር በይው፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» ትባላለች። በሚቀጥለው እሁድ እርሱ መባ ይሰበስባል። እርሷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ከኋላ ትቀመጣለች። ከሁለቱ መካከል ለተመታችው ሴት ማን ቆመላት? ክርስቶስን ያልሰበኩ እናቶች በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመውናል ብዬ ብጽፍ ማንም አይቆጣ፤ ይልቅ ይፈር።

ከሁሉ ይልቅ ሆዴን የሚበላው የሚከተለው ነው። የእናንተ የወጣቶች ጉዳይ ስለሆነ በደንብ ልቆይበት።

ልጁና ልጅቷ በአንድ ኅብረት ያገለግላሉ። ትፀንሳለች። የእርሷ ኃጢአት በአራተኛው ወር ለሁሉ ይታያል፤ የእርሱ ኃጢአት ሆድ የለውም። ሁለቱም ይታገዳሉ እንበል። እርሱ አሰላ ወይም አዳማ ይሄዳል፣ ሥራ ይይዛል፣ በሌላ አጥቢያ ንስሐ ይገባል፣ እዚያ ይጸለይለታል፣ ከዓመት በኋላ ማይክ ይዞ «ጌታ ከብዙ ነገር አወጣኝ» ብሎ ይመሰክራል። ሕዝቡ ያለቅሳል። ከየትኛው ነገር እንዳወጣው ግን አይናገርም። እርሷ ልጁን ይዛ ከእናቷ ቤት ናት። ትምህርቷ ቀርቷል። ሕፃኑን ለአያት ትታ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት ታወጣለች፤ ከአካባቢያችን ስንቷ እንደሄደች ቁጠሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትመጣ ሁለተኛ የምትቀመጥበት ወንበር የኋላው ነው። እናም እኛ ይህን ሁሉ እያየን ስለ ልጁ «ጌታ መልሶታል» እንላለን።

ወደ ምን መለሰው? ጌታ ሰውን የሚመልሰው ወደ ሸሸበት ቦታ ነው። ያዕቆብን ወደ ዔሳው፣ ሙሴን ወደ ግብፅ፣ አጋርን እንኳ ወደ ሣራ መልሷል። ይህ ወንድማችን ግን ወደ ጢቾ አልተመለሰም። ልጁ አሁን «አባባ የት ነው?» ማለት ጀምሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ፍርድ ቤት ሄዳ አባትነቱን ብታረጋግጥ ቀለብ ይቆረጥበታል። ያን ጊዜ «እህት ወንድሟን በዓለማዊ ፍርድ ቤት ከሰሰች» ብለን አንደኛ ቆሮንቶስ 6ን እናነብላታለን። በእናታችሁ! ጳውሎስ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የሚወቅሰው በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ ጠቢብ ሰው ማጣታቸውን ጭምር ነው። ያ ጠቢብ ሰው የት አለ? የትኛው የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው ያን ልጅ ጠርቶ «በወር ይህን ያህል ለሕፃኑ ትልካለህ፣ ስሙንም ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ በፊት ማይክ አትይዝም» ያለው? ያለ ካለ ስሙን ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው እትም ላመሰግነው እወዳለሁ።

ስለ ጋብቻ አስገድዱት እያልኩ አይደለም። ጋብቻ ቅጣት አይደለም፤ የማይዋደዱ ሁለት ልጆችን በኀፍረት አጣብቆ መዳር ሦስተኛ ሰው መበደል ነው። ቀለብ ግን ሌላ ነው። ስም ሌላ ነው። በልጁ ልደት ቀን መገኘት ሌላ ነው።

ከመንደር ወጥተን ወደ አገር እንይ። አቶ ታምራት ላይኔን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከ1983 እስከ 1987 የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት። በ1989 ከሥልጣን ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1992 በሙስና ወንጀል 18 ዓመት ተፈረደባቸው። በፍርዱ ውስጥ ምን ያህል ሕግ ምን ያህል ፖለቲካ እንደነበረ ሌሎች ይከራከሩ፤ የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። እስር ቤት ሳሉ ክርስቶስን አመኑ። ምስክርነታቸውን በቪዲዮ ያላየ ወጣት በመካከላችን ጥቂት ነው። እናንተ የምትወዱት ክፍል ጌታ እንዴት እንደተገለጠላቸው የሚናገሩበትን ነው። እኔ ደግሞ የምወደውን ልንገራችሁ፦ ባመኑ ማግሥት በሩ አልተከፈተም። የተፈቱት 12 ዓመት ታስረው፣ በታህሳስ 2001 ነው። አሮጌው ሰው ሞቷል ከተባለ በኋላ ያን ሁሉ ሌሊት እዚያው ያደረ ማን ነበር? አዲሱ ሰው ነው። ይቅር የተባለ ሰው፣ የእግዚአብሔር ልጅ የሆነ ሰው፣ የጠባቂውን ቁልፍ ድምፅ እየሰማ። በፊልጵስዩስ ወኅኒ የጳውሎስና የሲላስ ሰንሰለት ተፈታ፤ በቀራንዮ ግን ገነት የተገባለት ወንበዴ ከመስቀሉ አልወረደም። ጭኑ ተሰብሮ ነው የሞተው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አሉ፤ እኛ የፊተኛውን ብቻ በቲሸርት ላይ አተምን።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ትንሽ ይመራል። በ2003 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን መሪዎች አንድ ሆነው ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ለመኑ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያም ብዙዎቹ ተፈቱ። እኔ አለመሰቀላቸውን ደግፌያለሁ፤ አሁንም እደግፋለሁ። ሽማግሌ ሆነው ከ20 ዓመት እስር በኋላ የወጡ ሰዎችን ወደ ገመድ የምልክ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል «እኛን ማን ጠየቀን?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የት እንዳለ ቤተሰቡ ያወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለ10 ዓመት ያህል ታሰሩ። እንዲህ ያለ ቤት ሄዶ ከደጁ ሆኖ «በእናንተ ስም ይቅር ብለናል» ማለት ይቻላል? መንግሥት ቅጣትን መቀነስ ይችላል፤ ጳጳስም ሼህም ፓስተርም ስለ ቅጣት መማለድ ይችላሉ። የተበደለውን ሰው ይቅርታ ግን ከተበደለው ሰው አፍ በቀር ማንም ሊሰጠው አይችልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉት አበው ቂመኛ ሁኑ ማለታቸው አልነበረም፤ ወጊውን «አንተ ረሳህ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም» ማለታቸው ነው።

መሸሽም አያዋጣም። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ በአትላንታ ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ይሠራ ነበር። ካሠቃያቸው ሴቶች አንዷ እዚያው ሆቴል ተቀጥራ አገኘችው። እርሷና ሁለት ሌሎች ሴቶች ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደባቸው ዘንድ አዘዘ፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፣ ዕድሜ ልክ ፍርድም በሌለበት ተፈርዶበት ጠበቀው። አዳማ ከጢቾ ምን ያህል ይርቃል?

«መምህር፣ አንተ ሰውን ወደ ሕግ እየመለስህ ነው፤ ኩነኔ እየጫንህብን ነው» የምትሉኝ አላችሁ፤ እሁድ ከሰዓት በክፍል ውስጥም ተብያለሁ። ስለዚህ ወደ ሌላኛው ገደል ዞር ልበል፤ እዚያም የወደቀ ሰው አለና። በፈጸመችው ኃጢአት ምክንያት የሚመጣውን ሁሉ «እግዚአብሔር ገና አልማረኝም» ብላ የምትቆጥር እህት አለች። ልጇ ሲታመም ያ ኃጢአት ነው፣ ዝናብ ሲቀር ያ ኃጢአት ነው፣ ሥራ ስታጣ ያ ነው። ለእርሷ የምናገረው ሌላ ነው። እህቴ፣ ምሕረቱ በሚሰማሽ ነገር አይመዘንም። እግዚአብሔር በቃዴስ እስራኤልን ስለ ሙሴ ልመና ይቅር ብሏል፤ በዚያው ቃል ደግሞ ያ ትውልድ ምድሪቱን እንደማያይ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ ምን በሉ? መና። ማን መራቸው? ደመናው። ምድረ በዳው የጥፋታቸው ውጤት ነው፤ መናው ግን ልጆች መሆናቸው አልቀረም ማለት ነው። አንቺም በአንድ ጊዜ ሁለቱን ልትኖሪ ትችያለሽ። ደግሞ መከራ ሁሉ የኃጢአት ውጤት አይደለም፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን በደለ ብለው ሲጠይቁ ጌታ ጥያቄያቸውን ራሱን ነው ያፈረሰው። በተለይ ከቫይረሱ ጋር የምትኖሩ ወጣቶች፣ አንዳንዶቻችሁ ስትወለዱ ጀምሮ፣ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ዋጡ። «ይቅር ከተባልሽ ለምን ትወስጃለሽ?» የሚል ነቢይ ቢመጣ በር አሳዩት። የማንም ኃጢአት የማንም ደም ምርመራ ላይ ተጽፎ አይነበብም።

ስለ ዳዊት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከአቤሴሎም ሲሸሽ ሳሚ የሚባል ሰው ከተራራው ጥግ እየሄደ ድንጋይ ይወረውርበታል፣ ይረግመዋል፣ የደም ሰው ይለዋል። አቢሳ «ልሂድና ራሱን ልቁረጠው» አለ። ሳሚ የሚከስሰው በሳኦል ቤት ደም ነው፤ በዚያ ጉዳይ ዳዊት ንጹሕ ነበር። መልስ መስጠት ይችል ነበር፣ «የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ናታን ራሱ ነግሮኛል» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ተዉት ይርገም አለ፤ ድንጋዩ እየወረደበት መንገዱን ቀጠለ። ለምን? ሳሚ የኦርዮን ስም ባይጠራም ዳዊት ሳይሰማው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ይቅር የተባለ ሰው ስሙን ለማጽዳት አይቸኩልም። «ስለ ድሮዬ ማን አወራ?» እያላችሁ በቴሌግራም ግሩፕ የምትፋለሙ አገልጋዮች ይህን ምዕራፍ 16ን በጾም አንብቡት።

ዘኬዎስን ደግሞ ተመልከቱ። ጌታ ቤቱ ሲገባ «የሰረቅኸውን መልስ» አላለውም። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተነሥቶ ቆመ፣ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ተናገረ። ኦሪት በግ ለሰረቀ አራት በግ ትላለች፤ ዘኬዎስ የራሱን ፍርድ ከከባዱ ጋር መረጠ። ጸጋ ልቡን ስለነካው ኪሱ ተከፈተ። ኪሳችን ያልተከፈተበትን ጸጋ ምን ብለን እንደምንጠራው አላውቅም። የኅብረቱን ገንዘብ በልቶ «በጸሎት ጨርሼዋለሁ» ያለ ገንዘብ ያዥ ገጥሟችሁ ያውቃል? ወይም የኮምባይነር ኪራይ አስቀርቶ «ጌታ ይቅር ይበለን» ብሎ ለዘመዱ የጨበጠ? ጌታ ይቅር ይላል፤ ገንዘቡ ግን የዚያ ገበሬ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ማዳበሪያ ሊገዛ ነበር።

አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ሸሽቶ ጳውሎስ ዘንድ ደረሰ፤ እዚያ አመነ። ጳውሎስ ይወደዋል፣ ይጠቅመዋል፣ ሊያስቀረውም ፈልጎ ነበር። ባርነትን ላጸድቅ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ጳውሎስም ከባሪያ ይልቅ እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ነው የላከው። ነገር ግን «አሁን አዲስ ፍጥረት ነህ፣ ቆላስይስ ያለውን እርሳው» አላለውም። ዕዳ ካለበትም ዝም አላለም፤ በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። ወንጌል ሲገባ ዕዳው አልጠፋም፤ የሚካፈለው ሰው ተገኘ። ጉማ ሲቆረጥ ዘመድ እንደሚያዋጣ ሁሉ ማለት ነው።

የወጣት ኅብረት መሪዎች፣ የምጠይቃችሁ ከዚህ የመጣ ነው። በሚቀጥለው የምስክርነት ፕሮግራም ላይ አንድ ወጣት «ከብዙ ኃጢአት ወጣሁ» ሊል ሲነሣ፣ ማይኩን ከመስጠታችሁ በፊት ለብቻው ጥሩትና ጠይቁት፦ የበደልከው ሰው ይህን ያውቃል? ሄደህ አናግረኸዋል? የያዝከው ነገር ካለ መልሰሃል? «አልሄድኩም፣ ፈርቻለሁ» ካለ አታባርሩት። ለትራንስፖርት አዋጡለት፤ ሁለት ሰው አብሮት ይሂድ። አናሲሞስም ብቻውን አልሄደም፤ ቲኪቆስ አብሮት ነበር።